ድስቱንም ጭምር

ማንበብና መጻፍ እንደምችል በአፌ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባሌ መሪጌታ ኃይለማርያም፣ ነፍሱን ይማርና፣ በትዳራችን ዘመን ሁሉ «ፊደል ላስቆጥርሽ» ይለኝ ነበር። እኔ እስቅበት ነበር። በመጨረሻው ዓመት ዓይኑ ሲፈዝ ዳዊቱን የሚያነብለት ሰው አስፈለገው። የቆሎ ተማሪ እየለመንኩ አመጣለት ጀመር፤ እነሱም አንድ ቀን ይመጣሉ፣ ሁለት ቀን ይቀራሉ። እሱ ሲሞት ዳዊቱ እኔ ዘንድ ቀረ። በጆሮዬ ያደረውን ቃል ከፊቴ ካለው ጽሕፈት ጋር እያስተያየሁ ብቻዬን ተማርኩት። በሕይወት ሳለ የለመነኝን ከሞተ በኋላ አደረግሁት ብዬ ለማን ልንገር?

ከዚህ በታች ያሉት የእህቴ ልጅ ሙሉዓለምና እኔ የተጻጻፍናቸው ደብዳቤዎች ናቸው። እናቱ ስትሞት ገና ሕፃን ነበር፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ለጊዮርጊስ ተሳላሚ ጧፍ እየሸጥኩ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። በ1917 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከጎረቤታችን ከአስካለ ልጅ ከእምሩ ጋር ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ አገር ሲላክ ዋስ የሆኑለት የባሌ ወንድም አቶ ገብረሕይወት ናቸው። አቶ ገብረሕይወት ጉምሩክ የሚሠሩ፣ ሰዓታቸውን በሰንሰለት የሚያንጠለጥሉ ሰው ናቸው። ፖስታ ቤት ሣጥን ያላቸው እሳቸው ስለሆኑ የሙሉዓለም ደብዳቤ በእሳቸው ስም ይመጣል፤ የሚከፈተውም በእሳቸው ቤት፣ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ነው። የሚያነቡልን አለቃ ዓምደሚካኤል ናቸው። እሳቸው በፖስታ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጠው ለሰው ሁሉ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ሙሉዓለምንም ዳዊት ያስደገሙት እሳቸው ናቸው። መልስ ስሰጥ እኔ በቃል እናገራለሁ፣ አለቃ ይጽፋሉ፣ እኔ የባሌን ማኅተም አትምበታለሁ፤ የተላከውም ግልባጭ እኔ ዘንድ ይቀራል።

የተነበበው ደብዳቤ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። «አይናዲስ ዘንድ ይሁን፤ አንብባ አትጨርሰው» ይላሉ አቶ ገብረሕይወት። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

*

ማርሴል፣ ኅዳር 8 ቀን 1917 ዓ.ም.

ለእናቴም ለአክስቴም ለሆኑት፣ ለተከበሩ ለወይዘሮ አይናዲስ።

ከአገሬ ምድር እስከዚህ ባሕር ዳርቻ ያለው ርቀት ሁሉ ሰላምታ ሆኖ ይድረስዎ። እንደምን ሰንብተዋል? ጋሼ ገብረሕይወትስ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናቸውስ፣ ሥራቸውስ? የኔታ አለቃ ዓምደሚካኤል እንደምን አሉ? እማማ አስካለ እንደምን አሉ? እምሩ በጣም ደህና ነው ብለው ይንገሩልኝ። ጎረቤታችን ሸፊቃ፣ ልጆቿም፣ እንዲሁም ስማቸውን ያልጠራሁት ሁሉ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ።

ማርሴል ከገባን እነሆ አንድ ሳምንት ሆነን። ከተማው ከባሕሩ ጠርዝ ጀምሮ ወደ ተራራ የወጣ ነው። ትምህርት ቤታችን ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ለመነሣትም ለመብላትም ለመተኛትም ደወል ይደወላል። በሸሚዛችን ላይ ቁጥር ሰፍተውልናል። መምህሩ ስሜን መጥራት ስላቃተው «ሙሉ» ይለኛል። ከሁሉ የሚያስደንቀው መብራቱ ነው። ከጣሪያው መካከል በገመድ የተንጠለጠለ ብርጭቆ ነው፤ ዘይት የለው፣ ክር የለው። ግድግዳውን ሲጫኑት ይበራል፣ ደግመው ሲጫኑት ይጠፋል። ዙሪያውን ነጭ ሳህን የመሰለ ነገር አለው፤ ከሳህኑ ጠርዝ አንድ በኩል ተሸርፏል። ቀና ብዬ ሳየው እገረማለሁ።

የሚበላው ነገር ብዙ ነው። ምንም አልጎደለብኝም።

ጸሎትዎ አይለየኝ። እግርዎን እስማለሁ።

ልጅዎ ሙሉዓለም

*

አቶ ገብረሕይወት ስለ መብራቱ ያለውን ሦስት ጊዜ አስነበቡት። ለጉምሩክ ባልደረቦቻቸው ሊነግሩ ስለሆነ ሽራፊው በየትኛው በኩል እንደሆነ ሳይቀር ጠየቁ፤ አለቃ ከየት ያምጡት። እኔ ግን ተቃጠልኩ። ከወረቀቱ እኩሌታው እንደምን ሰነበታችሁ ነው፣ የቀረው ሕንፃና ብርጭቆ ነው። የሚበላው ብዙ ነው ይላል እንጂ በላሁ አይልም። ከማን አጠገብ ይተኛል? ማን ያበስልለታል? አልቅሷል? ይህ ልጅ አፍ የለውም እንዴ?

ከአለቃ ዘንድ ተቀምጬ «ምን በላህ? በየቀኑ የበላኸውን ጻፍ» በሉልኝ አልኳቸው። እሳቸው የጻፉት ይህንን ነው።

*

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1917 ዓ.ም.

ጥበብን ፍለጋ ባሕር ለተሻገርከው፣ ለዓይኔ ብርሃን ለሙሉዓለም።

ሰላምታዬ በክረምት ደመና ልክ በላይህ ይጋረድ፣ እንደ በጋ ጤዛም በማለዳ ይውረድልህ። የጻፍከው ጦማር ደርሶን ልባችን ሐሤት አድርጓል። ጋሼህ አቶ ገብረሕይወት ስለ ኤሌክትሪክ መብራቱ የበለጠ ማብራሪያ ይሻሉ። ሥጋዊ መብልህን በሚመለከት መጠነኛ ቃል ብታክልበት መልካም ነው። በትምህርትህ ትጋ፤ ዋስ የቆሙልህን ሰዎች አስከብር።

አክስትህ አይናዲስ

*

«መጠነኛ ቃል» አልተናገርኩም። አለቃ ሲጽፉ እጃቸውን እያየሁ ነበር፤ «ምን በላህ» የሚለው የት እንደገባ ፈልጌ አጣሁት። እንዳልናገር አላነብም ባይ ነኝ። ማኅተሜን አትሜ ወጣሁ።

መልሴ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ይህች አጭር ወረቀት መጣች።

*

ማርሴል፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1917 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ አይናዲስ።

ቸሩ አምላክ ጤናዎን ያብዛልኝ። ለጋሼና ለቤተ ዘመዱ ሁሉ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ቢገኝ ጥቂት በሶ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። ጓደኞቼ የአገራችንን ምግብ ማየት ስለሚፈልጉ ነው። አንድ ቁና ይበቃል።

ልጅዎ ሙሉዓለም

*

ገብስ ቆልቼ፣ አስፈጭቼ፣ በጋዝ ቆርቆሮ ሞልቼ፣ አፉን በጧፍ ሰም አሽጌ ላክሁ። ቆርቆሮው ጅቡቲ ሳይደርስ ሌላ ደብዳቤ መጣ።

*

ማርሴል፣ ጥር 2 ቀን 1917 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ አይናዲስ።

በጎ ነገርዎን ሁሉ እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። ደብዳቤዎ በልደት ማግስት ደረሰኝ፤ የየኔታን እጅ ሳይ ከፊታቸው የተቀመጥኩ መሰለኝ። ስለ ምግብ ለጠየቁኝ፣ እዚህ በቀን ሦስት ጊዜ ማዕድ ይቀርባል። መጀመሪያ ሾርባ፣ ቀጥሎ ሥጋ፣ ቀጥሎ አትክልት፣ በመጨረሻ ፍራፍሬ ነው። የመጣን ሰሞን ሥርዓቱ እንግዳ ሆኖብኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። ስለ መብራቱ፣ ኃይሉ በሽቦ እንደሚመጣ ለጋሼ ይንገሩልኝ።

በሶው ካልተላከ ሁለት ቁና ይሁን። ከተላከም ሌላ ቢጨመር።

ልጅዎ ሙሉዓለም

*

የፈረንጅ ልጅ በሶ ለማየት ስንት ቁና ያስፈልገዋል? ይህንን ማንም አልጠየቀም። አስካለ ከእምሩ የመጣላትን ደብዳቤ ይዛ ልጇ ሰብቶ የሸሚዙ ቁልፍ አልገጥም እንዳለው ታስነብብ ነበር፤ ሰው ሁሉ ጆሮው እዚያ ነበር።

የካቲት በባተ ዕለት አቶ ገብረሕይወት ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ቤቴ ገቡ። ልጆቹን የላከው መሥሪያ ቤት አስጠርቷቸው ኖሯል። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ጽፏል። ሙሉዓለም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ከዳቦና ከጥሬ ፍሬ በቀር አልቀምስም ብሏል፤ ሐኪም ቢመረምረው በሽታ አልተገኘበትም፤ ሲጠይቁት አይመልስም። እንዲህ ከሰነበተ ግንቦት 2 ቀን በሚነሣው መርከብ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ሁለተኛም አይላክም።

«ኩራት ነው» አሉኝ። «የንጉሥ ልጅ የማይጠየፈውን ማዕድ እሱ ተጠየፈ። እኔን ነው ያዋረደኝ። ሴት ያሳደገችው ልጅ መጨረሻው ይኸው ነው።»

ወደ አለቃ ይዘውኝ ሄዱ፤ እሳቸው ተናገሩ፣ አለቃ ጻፉ፣ እኔ አተምኩ።

*

አዲስ አበባ፣ የካቲት 1 ቀን 1917 ዓ.ም.

ለሙሉዓለም።

ጤና ይስጥህ። የሠራኸው ሁሉ እዚህ ድረስ ተሰምቷል። ዋስህን በባለሥልጣን ፊት አቁመህ አሳፈርክ። ማን ነኝ ብለህ ነው? ከዛሬ ጀምሮ የሚሰጡህን ብላ። ይህ ካልሆነ ለገሃር የሚቀበልህ ሰው እንዳትጠብቅ። በሶም ከእንግዲህ አይላክልህም።

አክስትህ አይናዲስ

*

በማግስቱ ጧፍ እየገመድኩ ደጄ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሸፊቃ መጣች። ሸፊቃ ከወሎ የመጣች ናት፤ አራዳ ገበያ ቅመም ትሸጣለች፣ ግድግዳችን አንድ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ስለ ልጁ የሚለውን ነገርኳት። አስካለ የሰው ዓይን ነው ብላለች፤ ሌላው ናፍቆት ነው፣ አቶ ገብረሕይወት ኩራት። ሸፊቃ አብሽ ልትነፋ ወንፊቴን ልትዋስ ነበር የመጣችው። ወንፊቱን እያገላበጠች «ማን አረደው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሥጋውን ነዋ። ወንድሜ ቡሽራ በግሪኮች መርከብ ሠርቶ ሲመለስ ማገዶ መስሎ ነበር። የእነሱን እርድ አልነካም ብሎ። እኔና አንቺ ይህን ያህል ዘመን ስንጎራበት አንድ ቀን ሥጋ ተቋድሰን እናውቃለን? ልጅሽ ይህን እያየ ነው ያደገው።» ከዚያ ልትሄድ ከተነሣች በኋላ ዞር ብላ «ደግሞ ቡሽራን እናታችን አስምላው ነበር። የሚያስምል ሰው ካለበት አለቀ» አለች።

እጄ ላይ ያለው ክር ተፈታ።

ያስማለው ሰው አለ። እኔ ነኝ። የሄደ ዕለት ለገሃር ላይ እናት ሁሉ ልጇን ትገዝት ነበር። አስካለ እምሩን ከመርከቡ ጠርዝ እንዳይጠጋ፣ ካርታ እንዳይጫወት፣ ጠጉሩን እንዳያሳድግ በሚካኤል ስትገዝተው እሱ ከሰው ጋር ይስቃል። እኔ ከማን አንሼ? ሙሉዓለምን አንገቱን ይዤ በጆሮው «በማርያም ገዝቼሃለሁ፤ ከእኛ ሃይማኖት ውጭ የታረደ ሥጋ እንዳትቀምስ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ባቡሩ ጮኸ። ያልኩት አነሰብኝና ጨመርኩበት፤ «ድስቱንም ጭምር» አልኩት። አሁንም ራሱን ነቀነቀ።

ሥጋው ብቻ ቢሆን ኖሮ ባቄላም ድንችም በልቶ ይኖር ነበር። ፈረንጅ አገር ሥጋ ያልነካው ድስት ከየት ይመጣል? ልጁን በረሃብ የቆለፍኩት በዚያች በጨመርኳት ቃል ነው።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የተናደድኩት በእሱ ነው። ሰው ሁሉ ልጁን ይገዝታል፤ ልጅ ሁሉ ባቡሩ አቃቂ ሳይደርስ ይረሳዋል። እንዲህ አድርጎ የሚይዝ ምን ዓይነት ልጅ ነው? ቢይዝስ፣ ፍቱኝ ብሎ አይጽፍም? ከዚያ በራሴ ተናደድኩ፤ ይኸኛው እስካሁን አልበረደልኝም።

ግዝት የሚፈታው በገዘተው ሰው ቃል ነው። ለአለቃ ብናገር በዚያው ቀን አቶ ገብረሕይወት ጆሮ ይደርሳል፤ እሳቸውም ጥፋቱ የልጁ ኩራት ነው ብለው ለመሥሪያ ቤቱ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ስለዚህ በሬን ዘግቼ የባሌን ቀለምና ብርዕ አወጣሁ። ከዚያ በፊት ለሰው ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። የፖስታውን የፈረንጅ ፊደል ከአሮጌው ፖስታ ላይ እንደ ጥለት እያየሁ ገለበጥኩት፤ ለራሴም ግልባጭ አስቀረሁ።

*

የካቲት 4 ቀን 1917

ሙሉዓለም።

ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። በማርያም የገዘትኩህን በማርያም ፈትቼሃለሁ። ሥጋውን ፈትቻለሁ። ድስቱንም ፈትቻለሁ። ፆሙ ሊገባ ነው፤ በፆም ከድስታቸው አትክልቱን ብላ፣ ሲፈሰክ ሥጋውን ብላ።

በየካቲት አንድ የተጻፈው ደብዳቤ የእኔ ቃል አይደለም። ስድቡን እርሳው።

ለምን አልነገርከኝም? አንድ ሳምንት ሙሉ ተርበህ ስለ ብርጭቆ ትጽፍልኛለህ? ይህን ደብዳቤ ለማንም አታሳይ። ስትመልስልኝም አታንሣው፤ ጋሼህ ቤት ይነበባል። በላሁ ብቻ በል፤ ይገባኛል።

አይናዲስ

*

ከዚያ ጠበቅሁ። ፆሙ ገባ፣ እኩሌታው አለፈ። መጋቢት ሃያ ቀን አቶ ገብረሕይወት ልከው አስጠሩኝ። ቤቱ ሞልቷል፤ አለቃ መነጽራቸውን አድርገዋል። «በላሁ» የምትለዋን ቃል ልሰማ ተቀመጥኩ።

*

ማርሴል፣ የካቲት 28 ቀን 1917 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ አይናዲስ፣ ለተከበሩ ጋሼ ገብረሕይወትም።

ቁጣችሁ ደርሶኛል፤ ወላጆች ስለሆናችሁ ተቆጥታችኋልና እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጋሼን ስላሳፈርኩ በጣም አዝናለሁ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አልቀርም። በአክስቴ ስም የተጻፈ ሌላ ደብዳቤ መጥቶልኛል። እጁ የየኔታ አይደለም፣ ማኅተም የለውም፣ ሰላምታ እንኳ የለውም። አክስቴ ፊደል እንደማይቆጥሩ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። እምሩ ለመቀለድ አጽፎት ይሆናል ብዬ ከእሱ ጋር ተጣልቻለሁ፤ ማለለኝ፣ አላመንኩትም። ደብዳቤውን በፊቱ ቀድጄዋለሁ። በእርስዎ ስም የሚነግድ ሰው ስላለ ይጠንቀቁ።

በሶው ደርሶኛል። አልቋል።

ልጅዎ ሙሉዓለም

*

ቤቱ ታመሰ። አቶ ገብረሕይወት ይህ የአራዳ ሥራ ፈት ሥራ ነው፣ ሰውየውን አግኝቼ ዳኛ ፊት አቆመዋለሁ አሉ። አስካለ ልጇ በመጠርጠሩ ማልቀስ ጀመረች። አንዱ ጎረቤት ደብዳቤው ምን ይል እንደነበር ጠየቀ፤ ሙሉዓለም አልጻፈውምና ሁሉም የየራሱን ግምት ተናገረ። «ምስኪን አይናዲስ፣ ስሟን እንኳ መጠበቅ አትችል» አለች አንዷ። እኔ ጥግ ተቀምጬ የነጠላዬን ጫፍ እየጠመዘዝኩ ነበር። አምስት ወር ያህል የተራበ ልጅ፣ የምግቡን ቁልፍ በእጁ ላኩለት፤ ቀደደው። ደግሞ ልክ ነው። እሱን ያሳደገችው አክስት ፊደል አትቆጥርም፤ እንዲህ ብዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ፖስታ ቤቱ ሳይከፈት አለቃ ዘንድ ሄድኩ። ብቻቸውን ነበሩ። ልጁ የሚያምነው የእርስዎን እጅና የባሌን ማኅተም ነው አልኳቸውና የለገሃሩን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። ብርዓቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። ስጨርስ ስለ ግዝቱ ምንም አላሉም።

«ያንን ደብዳቤ ማን ጻፈልሽ?» አሉኝ።

«አንድ ሰው።»

«ሌላ ጸሐፊ ይዘሻል ማለት ነው። እዚሁ አጥር ሥር ነው የሚቀመጠው?»

«አይደለም።»

«ስንት ዘመን ጻፍኩልሽ፣ አይናዲስ። ሰላምታ የማያውቅ ሰው ዘንድ ሄድሽ።» በእውነት ቅር ብሏቸው ነበር። እኔ ስለ ልጁ ነፍስ መጣሁ፤ እሳቸው ስለ ሙያቸው ይጣሉኛል። ወረቀቱን ይዘርጉ አልኳቸው፤ ይህን ያህል ጠንክሬ ተናግሬያቸው አላውቅም። ዘረጉት። «ዛሬ እኔ የምለውን ብቻ ይጻፉ፤ ደመናም ጤዛም አይጨምሩ» አልኩ። ይህንንም ሰሙኝ። ለአቶ ገብረሕይወት እንዳይነግሩ ስለምናቸው «የተጣላሁትን ሰው ምሥጢር አላወራም» አሉኝ።

*

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 21 ቀን 1917 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙሉዓለም።

እንደምን ሰነበትክ? ይህ የየኔታህ እጅ ነው፣ ይህ የመሪጌታ ማኅተም ነው። በለገሃር በጆሮህ የነገርኩህን በየኔታህ ፊት በአፌ ተናግሬ ፈትቻለሁ። በማርያም የታሰርከው በማርያም ተፈተሃል፤ ከሥጋውም፣ ከድስቱም። ከእንግዲህ ብትራብ ኃጢአቱ በአንተ ነው።

የቀደድከው ደብዳቤ የእኔ ነበር። እምሩን ታረቀው። ግንቦት 2 ሳይደርስ ብላ።

አክስትህ አይናዲስ

*

ከዚያ በኋላ ፋሲካ መጣ፤ ግንቦት ሁለትም አለፈ። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር በገባ ቁጥር ለገሃር እየሄድኩ ቆምኩ። የሚወርድ ወጣት ባየሁ ቁጥር ፊቱን ላይ ሰው እገፋለሁ። አልወረደም። በበሶ ብቻ የኖረ ልጅ በመንገድ ላይ ወድቆ ቀርቶ ይሆናል የሚል ሐሳብ ደግሞ ገባኝ። ግንቦት ሊያልቅ ሲል ከማርሴል የተመለሰ አንድ አርመን ነጋዴ ደጄን አንኳኳ። ደብዳቤ ሰጠኝ፤ በላዩ ላይ «በራሳቸው በወይዘሮ አይናዲስ እጅ ብቻ» ተብሎ ተጽፎበታል።

*

ማርሴል፣ ግንቦት 3 ቀን 1917 ዓ.ም.

እትዬ።

ትናንት መርከቡ ሄደ። እኔ የለሁበትም።

የየኔታ ደብዳቤ የደረሰኝ ከፋሲካ በሦስተኛው ቀን ነው። በዚያው ምሳ የበግ ሥጋና ባቄላ በላሁ። እምሩ ከፊቴ ተቀምጦ እያንዳንዱን ጉርሻ ሲቆጥር ነበር። ሁለት ቀን ሆዴን ቆረጠኝ፤ ከዚያ ተወኝ። ሐኪሙ መዘነኝ፣ ዲሬክተሩ እስከ ዓመቱ ፈተና ይቆይ አለ። ፈተናውን ካለፍኩ ለሚቀጥለውም ዓመት እዚሁ ነኝ።

ደጋግመው የጠየቁኝን የመጀመሪያውን ሳምንት አሁን ልንገርዎ። በገባን ማታ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ሾርባ መጣ። የሚያድለው ሰው ጭልፋውን ከሥጋው አውጥቶ ወደ ድንቹ ሲያስገባው አየሁ። ዳቦ ብቻ በላሁ። ግዝቱን ለእምሩ በመርከብ ላይ ነግሬው ነበርና «እትዬ አይናዲስ ወጥ ቤት ገብተው ድስት ይፈትሻሉ እንዴ?» አለኝ፤ የእኔንም ጨምሮ በላ። በሁለተኛው ቀን ልጆቹ ዙሪያዬን ከበው ምን እንደምበላ ሊያዩ ቆሙ፤ አንዱ ሣር ነቅሎ አመጣልኝ። እምሩ መታው። ሁለቱም ተቀጡ። በአራተኛው ቀን በሩጫ ሰዓት ደረጃው ላይ ወደቅሁ። ነቅቼ ስመለከት ክፍሉ ሌላ ነው፤ አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት መረቅ በማንኪያ አፌ ላይ ይዛለች። ጥርሴን ገጠምኩ። ለረጅም ጊዜ ያዘችው፣ ከዚያ መረቁ ቀዘቀዘና ማንኪያውን አስቀመጠች። በቋንቋዋ የምትለው ነገር ነበር፤ አንዱንም አላውቀውም፤ ግን እንደ እርስዎ አድርጋ ነው የተቆጣችኝ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩልዎ ከዚያ አልጋ ላይ ነው። ስለ መብራቱ ያን ያህል የጻፍኩት ቀና ስል የማየው እሱን ብቻ ስለነበር ነው።

ፍቱኝ ብዬ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። የጻፍኩትን ጋሼ ቤት ያነቡታል። ጋሼ እርስዎን ምን እንደሚሉዎ ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል። እኔን ኩሩ ቢሉኝ ሩቅ ነኝ፤ እርስዎ ግን እዚያው ነዎት።

ያንን ደብዳቤ ከቀደድኩት በኋላ እምሩ ቁርጥራጩን ሰብስቦ አኑሮት ኖሯል፤ ንጹሕነቱን ሊያስመሰክርበት። ትናንት በጠረጴዛ ላይ ገጣጥመን አየነው። ፊደሉ ሁሉ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ እንደ ብራና መጽሐፍ ነው። እምሩ «እኔ እንዲህ ብጽፍ ኖሮ የኔታ ይገርፉኝ ነበር?» አለ። ይቅርታ ጠየቅሁት። እርስዎንም እጠይቃለሁ። ይህንን ለሌላ ሰው እንደማይሰጡት ስለገባኝ ሁሉን ጽፌያለሁ።

ደህና ነኝ። ዛሬ ማታ ምስር ነበር። በላሁ።

ሙሉዓለም

*

ይህንን ብቻዬን አነበብኩት፤ ከዚያም ጧፌን ይዤ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን አቶ ገብረሕይወት ቤት ተጠራን። መሥሪያ ቤቱ ልጁ መሻሻሉን ነግሯቸው ደስ ብሏቸዋል፤ በግ አርደዋል። ብርሌያቸውን ይዘው ተነሡና ለተሰበሰበው ሰው «ያበላው የእኔ ቁጣ ነው» አሉ። «በየካቲት የጻፍኩለት አንድ ወረቀት አስተካከለችው። ኩራት በሽታ ነው፤ መድኃኒቱን የማውቀው እኔ ነኝ። ሲመጣ ደግሞ ከሁሉ በፊት እግሬ ላይ ወድቆ ይቅርታ ይጠይቀኛል፤ አለዚያ ቤቴ አይገባም።» ሰው አጨበጨበ። አስካለም አጨበጨበች። አለቃ ዓምደሚካኤል ጠላቸውን እየጠጡ በብርጭቆው ጠርዝ በኩል ወደ እኔ ተመለከቱ፤ ቃላቸውን ጠብቀዋል።

እኔም በጉን በላሁ። ቤቴ ስገባ ግን የባሌን ቀለምና ብርዕ አወጣሁ። ያ ልጅ ለእኔ ሲል ኩሩ ተባለ፣ ተሰደበ፣ ሊባረር ደረሰ፤ አሁን ደግሞ ላልሠራው ጥፋት እግር ላይ ሊወድቅ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ይህንን ሁሉ እንደየቀኑ ቅደም ተከተል በገዛ እጄ ስገለብጥ ሰነበትኩ። ስለ ሰዓታቸውና ስለ ባርኔጣቸው የጻፍኩትን ላወጣ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ይቆጣሉ፤ ይቆጡ። ዳኛ ፊት እንደሚያቆሙት የዛቱበትን ሰው ከፈለጉ ቤቴን ያውቁታል።

ጥፋቱ የማን እንደነበር ማወቅ ያለባቸው እሳቸው ናቸውና፣ እነዚህን ገጾች ነገ ከቅዳሴ በኋላ በጊዮርጊስ ደጅ ለባሌ ወንድም ለአቶ ገብረሕይወት በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ።